ዓመቱን ሙሉ ሐጅ የለም

ትምህርት ቤት ሳለን ዓመቱን በአራት ከፍለው አስተማሩን፤ ክረምት፣ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ። መካ ከተማ፣ ጀርወል ሰፈር የሰነበተ ሐበሻ ግን ይህን ትምህርት ከነደብተሩ ይጥለዋል። እዚህ ያሉት ወቅቶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው «መውሲም» ይባላል፤ ሁለተኛው «መውሲም መቼ ነው?» ይባላል።

መውሲም ማለት ረመዳንና ሐጅ ነው። ሲገባ ጀርወል እንቅልፍ የሚባል ነገር መኖሩን ይረሳል። ኢንዶኔዥያዊው በሰልፍ፣ ናይጄሪያዊው በቡድን፣ ፓኪስታናዊው ከነቤተሰቡ መንገዱን ሞልቶ ወደ ታላቁ መስጊድ፣ ወደ ሐረም ይጎርፋል። መቁጠሪያ ብቻ የሚሸጥ የነበረው ሰውዬ መስገጃም፣ ጃንጥላም፣ የስልክ ካርድም፣ ነጠላ ጫማም መሸጥ ይጀምራል። አራት ሰው የሚያድርባት ክፍል በፈረቃ ስምንት ታስተናግዳለች። መውሲም ሲወጣ ደግሞ ያው ባለሱቅ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ፣ ሻዩን ይዞ፣ የሚያልፉትን ድመቶች ይቆጥራል። የመካ ድመት ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ ሥራ ፈትቷል አይባልም።

ጀርወል ከሐረም በስተሰሜን ምዕራብ ያለ ጥንታዊ ሰፈር ነው። በንጉሥ አብዱላህ ዘመን የተጀመረው የሐረም ማስፋፊያ ብዙውን ቤት ጠርጎ ወስዶታል። በቀረው ላይ ግን ሥራም ዕረፍትም ዛሬም የሚታዘዘው በጨረቃ ነው። እኔ እንደታዘብኩት እዚህ የኖረ ሰው ስለ ሥራ አያያዝ ከየትኛውም የማኔጅመንት ሥልጠና የበለጠ ይማራል፤ ሰርተፊኬት የሚሰጠው ባያገኝም።

የእኛ መስከረም ታማኝ ወር ነው፤ በመጣ ቁጥር አደይ አበባውን ይዞ ነው የሚመጣው። የሂጅራው ዓመት ግን 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ስለሆነ የፀሐይዋን ዓመት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይሄዳል። ዞሮ ከተነሳበት ለመድረስ 33 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዘንድሮ በብርድ የጾሙት ረመዳን ዕድሜ ከሰጠ አንድ ቀን ሐሩር መሐል ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የዛሬ ልጅ በጃንጥላ ያደረገውን ሐጅ አባቱ በብርድ፣ አያቱ ደግሞ እንደገና በጃንጥላ አድርገውት ይሆናል።

በዚህ ላይ የጀርወል ሐበሻ ሦስት የቀን መቁጠሪያ በአንድ ራስ ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ጾሙና ዒዱ በሂጅራ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱ በፈረንጅ ነው፤ የዘመዱ ሠርግና ተዝካር በኢትዮጵያ ነው። አንዱን ሲያስታውስ ሁለቱ ያመልጡታል። ሳዑዲ በ2016 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሠራተኞቿን ደመወዝ ከሂጅራ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ባዞረች ጊዜ፣ ሠራተኛው በዚያው የዓመት ደመወዝ 11 ቀን ያህል ጨምሮ መሥራት ግድ ሆነበት። ሰዉ ሲያጉረመርም የሰማን ሐበሾች በሆዳችን ሳቅን። እኛ ጳጉሜን በነፃ እየሠራን አይደለም እንዴ ያደግነው? አሥራ ሦስት ወር ሠርቶ የአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ ፈርሞ የሚወስድ ሕዝብ በ11 ቀን አይደነግጥም።

የወቅት ጠብ ጎልቶ የሚሰማው ግን ወደ ሀገር ቤት ሲደወል ነው። ሐምሌ ላይ ወሎ ለእናቴ እደውላለሁ።

«እንዴት አለህ የኔ ጌታ? ብርዱስ እንዴት ነው?»

«ወላሂ እማዬ ብርድ የለም፤ ሙቀቱ 45 ገብቷል።»

«እሱን ተወውና ሹራብ ደርብ። የሐምሌ ብርድ ሳንባ ነው የሚይዝ።»

«እማዬ፣ እዚህ እኮ ሐምሌ የለም።»

«አስተግፊሩላህ! አላህ የፈጠረውን ወር የለም ትላለህ?»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ የሃይማኖት ስለሚሆን ሹራብ እንደደረብኩ ቃል ገብቼ እዘጋለሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን የእናቴ ሐምሌ ያስቀናኛል። እሷ ሀገር የወቅቱ ትእዛዝ ግልጽ ነው። ሰኔ ሲገባ ገበሬው ይጣደፋል፤ የሰኔን ቀን ያባከነ ዓመቱን ሙሉ ሲበደር ይኖራል። ኅዳር ላይ አጨዳ አለ፤ ያኔ የሰው እጅ ይጠፋል፣ ደቦ ይጠራል። ጥር ሲመጣ ደግሞ ያው ገበሬ ሠርግ ቤት ተቀምጦ ጥርሱን ሲፍቅ ይውላል፤ «ምነው ሥራ ፈታህ?» የሚለው ሰው የለም። አያቴ በጥር ቁጭ ብለው ሲያወጉ አንድም ቀን ጥፋተኛ ሲመስሉ አላየሁም። የተጣደፉበትን ሰኔ ሁሉም ያውቅላቸዋላ።

ስደት ላይ የሚጠፋው ይህ ነው። ከአስፋልትና ከአየር ማቀዝቀዣ ሥር የገባ ሰው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የሚያነበው ትእዛዝ አያገኝም። «በቃ፣ አሁን ተቀመጥ» የሚለው ዝናብ የለም፤ «ተነሥ» የሚለውም የለም። ቁልፉ በእጁ ይቀራል፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ደግሞ ወይ ሳያቋርጥ ይከፍታል፣ ወይ ሳይከፍት ይከርማል። የጀርወል ሐበሻ በሁለት የተከፈለው እዚህ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ወገን የሆነ አንድ ጎረቤት ነበረን። በመውሲም ቀን ሻንጣ ቤት፣ ሌሊት ፉል ቤት ይሠራል። ይህስ ደግ ነው፤ የመውሲም ወግ ነው። ችግሩ መውሲም ሲወጣ እሱ አለመውጣቱ ነበር። ገበያ ሲቀዘቅዝ መኪና አጣቢ ሆነ፤ መኪና ሲጠፋ ዕቃ ተሸካሚ ሆነ፤ ዕቃ ሲጠፋ ሰው ሌሊት በሚያድርበት ክፍል እሱ ቀን እየተኛ በፈረቃ ኪራይ ለመቆጠብ ሞከረ። አንድ ቀን ሰላት ላይ ሱጁድ አድርጎ ቀረ። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ኹሹዕ ነው!» እያሉ ሲያደንቁ ቆዩ፤ ማንኮራፋቱ እስኪሰማ ድረስ ማለቴ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የሚያሠራው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ እሱ ጀርወል ምድር ቤት ውስጥ ጀርባውን ይዞ ተኝቶ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የሀገሬ ሰው።

ሁለተኛው ወገን «ከ... በኋላ» የሚባለው ነው። ይህ ወገን ከሳዑዲውም፣ ከሐበሻውም፣ ከግብፁም አባላት አሉት። አንድ ጊዜ ለትንሽ ወረቀት አንድ መሥሪያ ቤት ተመላለስኩ። ሸዕባን ላይ ስሄድ «ረመዳን ደርሷል፣ ከረመዳን በኋላ» አሉኝ። ከረመዳን በኋላ «ዒድ ነው እኮ!» አሉኝ። ከዒድ በኋላ «አሁንማ ሐጅ መጣ፤ ማን አለ?» አሉኝ። ከሐጅ በኋላ ስሄድ ሰውዬው በእውነት አዘነልኝ፤ «አዲሱ ዓመት ሊገባ ነው፤ በአዲሱ ዓመት በንጹሕ መዝገብ ብንጀምረው አይሻልም?» አለ። ወቀሳዬን ለእነሱ ብቻ አላደርገውም፤ እኛስ? «ጾሙ ይፈታና»፣ «ክረምቱ ይውጣና»፣ «በዓሉ ይለፍና»። በኢትዮጵያ በዓል የማይቀድመው ወይም የማይከተለው ቀን ፈልጋችሁ ካገኛችሁ ቀጠሮ ያዙበት።

ሁለቱን ወገኖች አንድ ምሽት በረካ ላይ አንሥተን ስናማ፣ «አያ ሸህ» የምንላቸው አዛውንት ፍርድ ሰጡ። አያ ሸህ መካ የገቡት በወጣትነታቸው ነው፤ ብዙ መውሲም ሸኝተዋል። ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ እንዲህ አሉ፦ «ዓመቱን ሙሉ ሐጅ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሸዕባንም የለም። ሁለቱም ልጆች የቸገራቸው ጨረቃ ማየት ነው።» ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ እዚያው ሰፈራችን ውስጥ ያለውን ጉድጓድ ጠሩ።

ጀርወል ውስጥ «ቢእር ጡዋ» የሚባል ጥንታዊ የውኃ ጉድጓድ አለ፤ አካባቢው በጥንቱ ስም ዚ ጡዋ ይባላል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መካ ሲመጡ እዚህ እንደሚያድሩ፣ ሱብሒን እንደሚሰግዱ፣ ገላቸውን እንደሚታጠቡና ከዚያ በቀን ወደ ከተማው እንደሚገቡ በሐዲስ ተዘግቧል። ሰሓባው ዐብደላህ ኢብን ዑመርም እንዲሁ ያደርግ ነበር። አስቡት፤ የመዲናን መንገድ ያህል በግመል ተጉዘው፣ የናፈቁት ቤት ደጅ ደርሰው፣ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው ያድራሉ። ያኔ ሱቅ ይዘጋብኛል፣ ወረፋ ያመልጠኛል ያለ ሰው የለም። እኛ ደግሞ አውሮፕላኑ ገና ጎማውን መሬት ሳያስነካ ተነሥተን ሻንጣ እናወርዳለን፤ አስተናጋጇ በአማርኛ ብትለምነን፣ በእንግሊዝኛ ብትቆጣን አንሰማም።

ከዚያው ጉድጓድ ፊት ለፊት ለብዙ ዓመታት የወሊድ ሆስፒታል ነበር። ቦታውን የመረጠው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፤ ለእኔ ግን መልእክቱ ደርሶኛል። ዘጠኝ ወርን በኦቨርታይም ማሳጠር አይቻልም፤ «ከረመዳን በኋላ» ብሎ ማስተላለፍም አይቻልም።

ጉድጓዱን አልፎ ሐረም የገባ ሰው ደግሞ የሥራ አካሄድን በእግሩ ይማረዋል። ጠዋፍ ካዕባን ሰባት ጊዜ መዞር ነው። መካ እንደተገባ በሚደረገው ጠዋፍ ወንዶች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ፈጠን ብለው፣ አራቱን በተራ እርምጃ መሄዳቸው ሱና ነው። ሦስት ፈጣን፣ አራት ረጋ ያለ። ሒሳቡን ልብ በሉት፤ ረጋ ያለው ይበልጣል። ከዚያ ሰዕይ ይቀጥላል። ከሶፋ ወደ መርዋ፣ ከመርዋ ወደ ሶፋ ሰባት ጊዜ፤ በጠቅላላው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ላይ አረንጓዴ መብራት የተተከለበት አጭር ክፍል አለ። ወንዶች እዚያ ሲደርሱ ሶምሶማ ይላሉ፤ መብራቱ ሲያልቅ ወደ እርምጃቸው ይመለሳሉ። ሃጀር ለልጇ ለኢስማኢል ውኃ ፍለጋ የሮጠችበት ነው የሚባለው ያ ዝቅተኛ ቦታ ነው። የሮጠችው ሴት ሆና ሳለ ዛሬ ሩጫው የወንዶች፣ እርምጃው የሴቶች ሆኗል፤ እሷ የሁሉንም ድርሻ ሮጣላቸዋለችና ይገባቸዋል።

እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ሰው ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ጎረምሳ ከሶፋ ጀምሮ ይሮጣል፤ አረንጓዴውን መብራት ሳያይ ያልፈዋል። ሦስተኛው ላይ ወገቡን ይይዛል፣ አምስተኛው ላይ የዘምዘም ማሰሮው ሥር ይቀመጣል። የሰባ ዓመት ቱርካዊት ደግሞ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ዱዓዋን ከወረቀት እያነበበች፣ ከፊቱ ታልፋለች። ጨርሳ ፀጉሯን ስትቆርጥ ጎረምሳው ገና ስንተኛው ላይ እንዳለ ከባልንጀራው ጋር ይከራከራል።

የጀርወል ሌላው መምህር ኪስዋ ነው። የካዕባን ልብስ የሚሠራው ፋብሪካ ከ1962 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚሁ ሰፈራችን ነበር፤ ከዚያ ነው ወደ ኡሙል ጁድ የተዛወረው። ኪስዋ 14 ሜትር ቁመት ያለው የሐር ልብስ ነው፤ በወርቅና በብር ክር ቁርኣን ይጠለፍበታል። ይህን ሁሉ የሚለብሱት ግድግዳዎች ዓመት ሙሉ የሚጠብቁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ዓመቱን ሙሉ ይከፋፈላል። ሐሩን የሚያቀልም ያቀልማል፣ የሚሸምን ይሸምናል፣ ጠላፊው በርጩማው ላይ ተቀምጦ በአንዲት ፊደል ላይ ቀናት ያሳልፋል። ዙልሒጃ ሲደርስ እሱ ጨርሷል። የመውሲም ጭንቀት የሚይዘው መውሲም ሲመጣ ሥራ የሚጀምረውን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ተለውጧል። ኪስዋው ይቀየር የነበረው ዙልሒጃ 9፣ ሑጃጁ ሁሉ ዐረፋ ላይ በቆመበት ቀን ነበር። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ወደ ሂጅራው አዲስ ዓመት መግቢያ፣ ወደ ሙሐረም 1 ዞሯል። ስንት ዘመን የቆየ ልማድ ነበር! የዓመቱ ትልቅ ሥራ ከዓመቱ ትልቅ ቀን ወርዶ ለራሱ ቀን ተሰጠው ማለት ነው። እኛ ቤት ግን አሁንም ሠርግ፣ ምረቃ፣ የቤት ቅየራና የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ በአንድ ቅዳሜ ነው።

ለሐጅ ሰሞን ደግሞ የኪስዋው የታችኛው ክፍል ወደ 3 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ በግፊያው እንዳይነካካና እንዳይቀደድ ነው። ሰዉ «ካዕባ ኢሕራም አደረገች» ይላል፤ የሐጅ ልብሷን ለበሰች ማለቱ ነው። ከመቶ ሺዎች ግፊያ በፊት ቀሚስን መሰብሰብ ጥበብ ነው። ጥድፊያ እንደሚመጣ ካወቅን የሚሰበሰበውን አስቀድመን መሰብሰብ አለብን፤ ብድሩን፣ ቀጠሮውን፣ «እመጣለሁ» ያልንበትን ቦታ ሁሉ።

ፉል ቤት የሚሠራ ሰው ይህንን ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል። ፉሉ አንገቷ በጠበበው ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በቀጭን እሳት ያድራል። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ሰልፉ ሲጀምር የመናዊው ማሰሮዋን ዘንበል አድርጎ፣ ረጅሙን ጭልፋ አስገብቶ፣ ሰሐን በሰሐን ይሞላል፤ ከሙንና ዘይት ይረጫል። አጠገቡ አፍጋኑ ተሚስ የሚባለውን ዳቦ ከምድጃው ግድግዳ በብረት እየላጠ ይወረውራል። ሁለቱም አይጣደፉም፤ ግን ሰልፉ ይሄዳል። አንድ ጊዜ መውሲም ላይ ፉሉ ሲያልቅበት አዲስ ገቢ ሠራተኛ እሳቱን እስከ ጫፍ ለቆ ሊያደርስለት ሞከረ። የመናዊው ቀምሶ ተፋውና «ከሥር አርሯል፣ ከላይ ጥሬ ነው» አለ። ያን ምድር ቤት የተኛውን ጎረቤታችንን ባየሁት ቁጥር ይህች አባባል ትመጣብኛለች።

ወቅትን አለማወቅ ቀልድ የማይሆንበት ጊዜም አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ሐጅ ከሰኔ ጋር ገጠመ። የዐረፋ ቀን ሰኔ 8 ዋለ፤ ሰኔ 10፣ ሰኞ ዕለት፣ ሐረም ላይ የተመዘገበው ሙቀት 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ሰኔና ሰኞ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ አብዛኞቹ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው፣ ያለ መጠለያ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ነበሩ። ዕድሜ ልኩን የቆጠበ ሽማግሌ በዚያ ፀሐይ «ትንሽ ልረፍ» ለማለት ጥላ አላገኘም። እዚህ ላይ ምክርም ተረትም አይሠራም፤ ዕረፍት ቦታ ይፈልጋል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ የሚፈቅድ ይፈልጋል።

የሚፈቅድ ሕግ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። በሳዑዲ በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። ቀኑን ወደ እኛ ስትመልሱት ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ይሆናል፤ ያው ክረምታችን ማለት ነው። ወሎ ላይ ዝናብ ገበሬውን ዛፍ ሥር ሲያስጠልለው፣ መካ ላይ ሚኒስቴሩ ግንበኛውን ድልድይ ሥር ያስጠልለዋል። እናቴ «ሐምሌ የትም ሐምሌ ነው» ብትል አልተሳሳተችም።

ሕጉ ዘግይቶ የሚደርሰው ማድቤት ነው። በረመዳን የሙስሊም ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በሕግ ወደ 6 ይወርዳል። የቤት ሠራተኞች ግን በዚያ ሕግ ውስጥ አይቆጠሩም፤ እነሱ ዘንድ ረመዳን ሲገባ ሰዓቱ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ከዐስር በኋላ ሰምቡሳው ይጠቀለላል፣ ሾርባው ይጣዳል፣ ሱቢያውና ቪምቶው ይቀዳል፤ ከኢፍጣር በኋላ ሰሐን፣ ከተራዊሕ በኋላ እንግዳ፣ ከእንግዳ በኋላ ሱሑር። ጀርወል ያሉ እኅቶቻችን ረመዳን ላይ ስልክ ሲያነሡ ድምፃቸው ከድስት ጋር ነው የሚመጣው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳትሠራና በሳምንት አንድ ቀን እንድታርፍ ያዛል። ደንቡ ከበሩ እስከ ማድቤቱ ያለውን ርቀት እስኪሄድ ድረስ ግን መዳሟ ጨረቃ እንድታይ ዱዓ ማድረግ ነው። አንዷ እኅታችን መፍትሔ አግኝታለች፤ ሸዕባን ላይ ሰምቡሳውን በብዛት ጠቅልላ ማቀዝቀዣ ትሞላለች። «እኔ ረመዳንን የምሠራው ከረመዳን በፊት ነው» ትላለች። የኪስዋ ጠላፊ ብትሆን ኖሮ ስሟ ይጠራ ነበር።

የወቅት ትልቁ ደግነት ማለፉ ነው። የሳዑዲ ሜትሮሎጂ ማዕከል እንዳስታወቀው የ2025 ሐጅ ለቀጣዮቹ 16 ዓመታት ያህል በከባድ ሙቀት ወራት የዋለ የመጨረሻው ነው፤ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ለስላሳው አየር እየሸሸ፣ ቀጥሎም ወደ ብርዱ ይገባል። ጨረቃ በዓመት 11 ቀን ብቻ እየተራመደች ሐጅን ከእሳት አወጣችው። ሚሊዮን ሰው የሚያንቀሳቅስ ሥራ በየዓመቱ 11 ቀን ብቻ ቀደም እያለ ክረምትና በጋን ያዳርሳል፤ እኛ ደግሞ በአንድ ረመዳን የኮምቦልቻን ቤት ጨርሰን፣ አረብኛ ተምረን፣ ክብደት ቀንሰን ለመውጣት እናቅዳለን።

አያ ሸህን እንዴት ነው ታዲያ የሚሠራው ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልሳቸው አጭር ነው። መውሲም ላይ እሳቸውም ይሮጣሉ፤ ሱቃቸውን አይዘጉም፣ ሥጋ አይመርጡም፣ እንግዳ ካልሆነ ሰው አያናግሩም። የመጨረሻው አውቶቡስ ሲወጣ ግን ሱቃቸውን ግማሽ ቀን ይዘጋሉ፤ ሐዋላ ይልካሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ ለመጪው መውሲም የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ በርካሽ ይገዛሉ። ያ የዝግታ ጊዜያቸው ባዶ እንዳይመስላችሁ፤ መውሲሙ የሚበላው ስንቅ የሚሰናዳው ያኔ ነው። ገንዘባቸው ከዚያ ከጎረቤታችን ይበልጥ እንደሆነ አላውቅም። ጀርባቸው ግን እስከ ዛሬ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል።

«ከ... በኋላ» የሚለውን ወገን ግን አያ ሸህም አልፈወሱትም። ፈውሱ ከሰማይ እየመጣ ይመስለኛል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2030 ረመዳን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንዱ በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ሌላው በዲሴምበር መጨረሻ። ያን ዓመት «ከረመዳን በኋላ» የሚላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ «ከየትኛው?» ብላችሁ ያዙት። ሐበሻ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ በእኛ አቆጣጠር አንደኛው ታኅሣሥ 2022፣ ሁለተኛው ታኅሣሥ 2023 ላይ ስለሚውሉ በዓመት አንድ ብቻ ነው ብሎ ያመልጣችኋል።